ዶላር የሌለው ስም

ሻርጃ፣ ሮላ፤ ከልብስ ሰፊው ሱቅ በላይ፣
ማቀዝቀዣው እንደ ወፍጮ በሚያጓራበት ፎቅ ላይ፣
ቀን የሠራተኛ አስመጪ ቢሮ ስልክ አነሣለሁ፣
ማታ ኮድ አርማለሁ።

ከእኔ በፊት የነበረው ቢጁ፣ የኬረላው ሰው፣
ዘጠኝ ሺህ መስመር ነው ጥሎልኝ የሄደው፤
የደመወዙን ቀን ስነካ የአውሮፕላን ትኬት ይጠፋል፣
ስልክ ቁጥር ሳስተካክል የልጅቱ ክብደት ዜሮ ይላል።
አቡ ራሺድ ሻያቸውን አስቀምጠው «ሥርዓት አስይዢው» አሉኝ፣
ሁለት ሳምንት ሰጡኝ።

ክላስ ጻፍኩ። ስሙን «ሠራተኛ» አልኩት።
ክላስ ሰው አይደለም፤ ለሰው የተቆረጠ ልክ ነው፣
ታች ልብስ ሰፊው በካርቶን ቀዶ ግድግዳ ላይ የሰቀለው፤
ትከሻ አለው፣ ወገብ አለው፣ ገላ ግን የለው።
«አዲስ» ብዬ ስጠራ
ገላ ይገባበታል፤ አንዷ ከጅማ፣ አንዷ ከኮረም፣ አንዷ ከሞጣ፣ በተራ።

በዚህ ቋንቋ የተለዋዋጭ ስም ሁሉ ዶላር ያስቀድማል፤
ዶላር ዕድሜ፣ ዶላር ክብደት፤ ምልክቱ ቢጎድል ማሽኑ ይቆማል።
አንዲቷ ስለ ራሷ «እኔ» ልትል ብትፈልግ እንኳ
«ዶላር ይቺ» ነው የምትለው፤ ይኸው ነው ልኳ።
መጀመሪያ ስማር ስቄ ነበር።
አሁን ጣቴ ብቻ ይጽፈዋል፣ አፌ ሳይናገር።

መውለጃውን ሳበጅ አምስት ነገር ጠየቅሁ፤ አምስተኛው ከፊል።
በእኛ አፍ ግማሽ ነገር፣ በእነርሱ አፍ የሰው ባለቤት ማለት ነው ከፊል።
ያለ ከፊል ሙሉ አትሆንም፤ ባዶ ከሆነ ስፍራዋ
ቀይ ጽሑፍ ይወጣል፤ ይቀራል መወለዷ።

«ሞግዚት» ከ«ሠራተኛ» ትወርሳለች፣ «ወጥቤት»ም እንደዚያው፤
አባቴ አንድ ጥማድ ሳያወርሰኝ፣ እኔ በአንድ ቃል አውራሽ ሆንኩ ይኸው።
ምን ወረሱ? «የዕረፍት ቀን» የሚባል ዘዴ፤
ቅንፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ መሀሉ ባዶ፣ እንደ ረመዳን ቀትር ሆዴ።

ፓስፖርቱን ፕራይቬት አደረግሁት፣ ከውጭ እጅ እንዳይገባ፤
ቢጁ ቢያየው «ንጹሕ ሥራ» ባለኝ። ግን ደብተሮቹ፣ ባለ ወይን ጠጅ ካባ፣
ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱም በአቡ ራሺድ መሳቢያ ተኝተዋል፤
ቁልፉ ከመኪናቸው ቁልፍ ጋር ይንቃጨላል።

ከዚያ ዘሐራ ይመር። ሐርቡ። ሃያ ሦስት ዓመት።
ክብደት፣ አርባ ዘጠኝ። ሁኔታ፣ «ጠፍታለች»። ከአል አይን፣ ከአንድ ቤት፣
ሌሊት፣ ነጠላ ጫማዋን በር ላይ ትታ።
(ይህ አልተመዘገበም፤ ሳጥን የለውም። ከሾፌሩ ነው የሰማሁት፣ ማታ።)
«ሰርዣት» አሉ አቡ ራሺድ፣ ቀና ሳይሉ።
ሰረዝኳት። ልጅ አለኝ፤ ቪዛዬም በእሳቸው ነው። ደግሞም እንዲህ ናቸው ኦብጀክቶች ሁሉ፤
የያዛቸው የመጨረሻ ስም ሲለቃቸው ይወድቃሉ፣
ማንም ካልጠራቸው አልነበሩም ይባላሉ።
እናቴ ስትመርቅ «ስም ጠሪ ይስጥሽ» ትል የነበረው
ለካ ይህንን ነው።

ድር ላይ ደግሞ ዕድሜ አጭር ነው፤ ገጹ ሲከፈት ይፈጠራሉ፣
ገጹ ደርሶ ሲያልቅ ሁሉም ባንዴ ይረግፋሉ፤
በሚቀጥለው ጠቅታ አዲስ ናቸው፣ ትናንትን አያውቁም።
ዘሐራ ግን በሚቀጥለውም፣ ከዚያ በሚቀጥለውም የለችም።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፤ ታች የስፌት መኪናው ገና አልተኛም።
ትዝ አለኝ፤ ዶላር የማይለጠፍበት ስም አለ፣
ቋሚ ይባላል፣ አንዴ ከተጻፈ ማንም አይለውጠውም።
ከክላሱ አናት፣ ከዕድሜ በፊት፣ ከክብደት በፊት፣
አንድ መስመር ጨመርኩ፤ ቋሚ፣ «ዘሐራ ይመር»። ሌላ ምንም የለበት።
ሞግዚቷም ወጥቤቷም ወረሷት፣ ሳያውቁ።

አንድ ቀን እኔም እንደ ቢጁ እሄዳለሁ፤ የሚተካኝ ይመጣል፣
«ይህ መስመር ምን ይሠራል?» ብሎ ጣቱን መሰረዣው ላይ ያሳርፋል።
ምን እንደሚሠራ እኔም አላውቅም።

ጠዋት አቡ ራሺድ ገጹን ከፈቱ።
«ፈጠነ» አሉ። ሻይ አዘዙልኝ።
ጠጣሁት።